ሦስት የመድን ወረቀትና አንዲት ጎረቤት

ታይታ ተራራ፣ ኬንያ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004

ለወንድሜ ልጅ ለምዋሳሩ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጌታ በሰው አገር ከሙቀቱም ከሰዉም ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው፣ ምን ይደረጋል።

የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። ዶሃ ውስጥ በክሊኒክ መስኮት ተቀምጠህ የሰዉን የጤና መድን ካርድ ስታይ ስለምትውል ከኛ የተሻለ ታውቃለህ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ካሪሳ የሚባል ሰው ከሞምባሳ መጥቶ ነበር። ከረባት አስሯል። ለአንድ ኩባንያ የጤና መድን ይሸጣል።

"እናቶች፣ በሽታ ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም" አለን።

"አንተስ ቀጠሮ ሰጥተኸን ነው የመጣኸው?" አለችው የንጉሬ እናት። ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ወረቀቱን አደለ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ወረቀት አለ። አንዱ የመንግሥቱ መድን ነው። ሁለተኛው ካሪሳ ለአንድ ሰው የሚሸጠው ነው። ሦስተኛውም ከሱ ኩባንያ ነው፣ ግን ለማኅበር ነው ይላል፤ ካሪሳ ራሱ "እሱን ይተዉት፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች የወጣ ነው" ብሎኛል። የሦስቱንም ግልባጭ እዚህ ውስጥ አድርጌያለሁ። አወዳድርልኝ።

የአጎትህን ጊዜ ታስታውሳለህ። ለሕክምናው የታችኛውን ማሳ ሸጥን፤ አሁን እሱም የለ፣ ማሳውም የለ። ያ አልበቃ ብሎ በትምህርት ቤቱ ሜዳ መዋጮ ተጠራ። ማን ምን እንደሰጠ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሰማሁ። ሁለት ዶሮ የሰጠችው ሴት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ስለ ዶሮዎቹ ታነሳለች። ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።

ሌላም አለ። አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ሰውነቷ ላይ አንድ ነገር ወጥቶባታል፤ የባቄላ ፍሬ ቢያህል ነው። አያማትም። መድን ከገባች በኋላ ስንት ወር ብትቆይ ነው አዲስ በሽታ ተብሎ የሚታከምላት? ጠይቂልኝ ብላኛለች።

ስትመልስ አስበህ ጻፍ። ደብዳቤ የሚመጣልን እንደ ድሮው በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ነው፤ ቁልፉ የርዕሰ መምህሩ ሚስት የወይዘሮ ምሻይ ኪስ ውስጥ ነው።

አክስትህ ምካዋሲ


ዶሃ
ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2004

ለተከበሩ አክስቴ ለምካዋሲ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለላሟም፣ ወንድ ሆኖ ላሳፈረዎት ጥጃም። እኔ ደህና ነኝ። ሥራው እንዳለ ነው።

ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ የማየውን ልንገርዎ። ሰው መድን ሲገዛ የሚያየው ምን ምን እንደሚከፈልለት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው የማይከፈልለትን ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምሩ።

የመንግሥቱ ዕድሜ አይጠይቅም፣ በሽታም አይጠይቅም። ሁለት ወር ከከፈሉ ይሠራል። የሚሸፍነው ግን አልጋውን ነው። ምርመራውንና መድኃኒቱን፣ የቀዶ ጥገናውን ክርና ጓንት ሳይቀር፣ ታማሚው ከውጭ ይገዛል። ቢሆንም አይተዉት፤ ከምንም ይሻላል።

የካሪሳው የነጠላው ወረቀት ጥሩ ወረቀት ነው። ቀዶ ጥገናውንም መድኃኒቱንም ይከፍላል። ስድሳ ዓመት ያለፈውን አይቀበልም፤ እርስዎ ሃምሳ ስድስት ነዎት፣ ይገባሉ። ግን አራተኛውን ገጽ ያንብቡ። ለከባድ ሕመም አንድ ዓመት መጠበቅ አለ። ከመፈረም በፊት የነበረ ሕመም ደግሞ ዓመቱ ቢሞላም አይከፈልለትም። ሲፈርሙ የነበረብዎትን ሁሉ ይናገራሉ፤ የተደበቀ ነገር በኋላ ከተገኘ ወረቀቱ በሙሉ ይሰረዛል።

ሦስተኛው ለፋብሪካ ብቻ አይደለም። ሃያ ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ በአንድ ቀን ለሚገባ ለማንኛውም ማኅበር ነው። ማን ምን እንዳመመው አይጠየቅም። የቆየ ሕመም እንኳ ከስድሳ ቀን በኋላ ይከፈልለታል። ካሪሳ ይተዉት ያለዎት ከሱ የሚያገኘው ኮሚሽን ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ችግሩ ሃያ ሰው በአንድ ቀን ማስማማቱ ነው። እርስዎ የሴቶቹ ማኅበር ጸሐፊ ነዎት፣ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ለጎረቤትዎ የምለው፦ ዓመት ብትጠብቅም ያ ነገር አዲስ አይሆንም። ባይጠቅማትም ይህን ይንገሯት፣ በቀን ሦስት ሰው መስኮቴ ላይ መጥቶ ስለ ጎረቤቱ ይጠይቀኛል።

የወንድምዎ ልጅ ምዋሳሩ


ታይታ ተራራ
ማርች 28 ቀን 2004

ለምዋሳሩ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ጌታ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ጀምሯል፣ መንገዱ ተበላሽቷል።

ከካሪሳ ጋር ፈረምኩ። ሁለተኛውን፣ የነጠላውን። የማኅበሩ እንደማይሆን አንተም ብለኸዋል። በወረፋ የአንዳችንን ማሳ ሌሎቻችን ስንቆፍር እንኳ ማን ይቅደም ብለን ግማሽ ቀን የምንጨቃጨቅ ሴቶች ነን።

ካሪሳ ጥያቄውን ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ምልክት ያደርጋል።

"ታመው ያውቃሉ?"

"ወባ።"

"ወባ በሽታ አይደለም፣ እናቴ። ሁላችንም አለብን።" "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። "ሌላስ?"

"ጥርሴን ተነቅያለሁ።"

"እሱም አይደለም። ይፈርሙ።"

እንግዲህ የሚቀጥለው ዓመት ማርች ሲመጣ መጠበቂያው ይሞላል። ቆጥሬዋለሁ፤ ሩቅ አይደለም።

ጎረቤቴ ደግሞ እንዲህ ትላለች። ሐኪም ያላየው ነገር በሽታ ይባላል ወይ? ማንም ስም ካላወጣለት፣ የትም ካልተጻፈ፣ እንዴት አድርገው ነው ድሮ ነበረ የሚሉት?

አክስትህ ምካዋሲ


ዶሃ
ኤፕሪል 18 ቀን 2004

ለአክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ደብዳቤ ሰላምታው አጭር ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንዴት እንደሚያውቁ ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወደ መስኮቴ መጣ። አንገቱ ላይ እብጠት ነበረበት። መድኑን ከገዛ ዓመት ከአንድ ሳምንት ሆኖታል። ካርዱ ደህና ነው፣ አሳለፍኩት። ሐኪሙ "ይሄ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ነው?" አለው። ሰውየው ሐኪም ፊት መዋሸት አልለመደም። "ሁለት ዓመት" አለ። ሐኪሙ ጻፈው። ኩባንያው ያንን መስመር አነበበና አልከፍልም አለ። ባይናገርም ኖሮ እብጠቱ ራሱ ይናገር ነበር፤ ሐኪም በመጠኑ ያውቀዋል። ከሁሉ የባሰው ግን ይህ አይደለም። ያን አንድ ዓመት እብጠቱ አብሮት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

አክስቴ፣ የኖርኩበትን ቤት አውቀዋለሁ። በአንድ ወገን ገደል ነው፣ በሌላው ወገን የእርስዎ የማከዴሚያ ለውዝ ዛፎች ናቸው። ከመቼ ወዲህ ነው ጎረቤት ያገኙት?

ጎረቤትዎ ዛሬውኑ ሐኪም ትይ። ለመሣፈሪያውና ለምርመራው ጥቂት ገንዘብ በዚህ ወር እልካለሁ። ወረቀቱን ትርሳው።

ምዋሳሩ


ታይታ ተራራ
ጁላይ 11 ቀን 2004

ለምዋሳሩ፤

ሰላምህ ይብዛ። ሳልጽፍ በመቆየቴ አትቀየመኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉሙ ሦስት ሳምንት አልተነሳም፣ ልብስ አይደርቅም። ጥጃው አድጓል። የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ አስቀየርኩ። የላክኸውን ገንዘብ አልነካሁትም፣ አንተ ስትመጣ ታገኘዋለህ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ የጠየቅሁህ ወረቀት እንድታነብልኝ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በገንፎ ተጣብቆ ነው። ማን እንደከፈተው ታውቃለህ። ወይዘሮ ምሻይ ፖስታውን በሁለት እጇ አቀብላኝ ስታበቃ "ጎረቤትሽ እንዴት ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት" አልኳት።

"አንዳንዴ ይዘሻት ብትመጪ ምን አለበት" አለችና ዶሮዎቿን ልትመግብ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ ፈጠን እላለሁ።

ማከዴሚያው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የጎረቤቴ ነገርም አንዱን ፍሬ አክሏል፣ ከነቅርፊቱ። አሁንም አያማትም። ስምንት ወር ቀርቷታል።

አክስትህ ምካዋሲ


ዶሃ
ኦገስት 1 ቀን 2004

አክስቴ፤

ይህ ደብዳቤ በሣጥኑ አልመጣም። ወደ ሞምባሳ የሚመለስ ንያምቡ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ በእጁ እንዲሰጥዎ አደራ ብዬዋለሁ። ከእርስዎ በቀር ማንም አላነበበውም። ስለዚህ የወንድም ልጅ ለአክስቱ የማይጽፈውን ቃል እጽፋለሁ፤ ይቆጡኝ። ጡትዎ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ስሙን ይጽፉልኝ ነበር።

በፌብሩዋሪ ባቄላ ነበር፣ አሁን ማከዴሚያ ነው። ማርች ሲመጣ ምን እንደሚያህል አልነግርዎትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ለአሥራ አንድ ዓመት ሰው ወደ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ከመስኮት አይቻለሁ።

ካሪሳ ያስፈረመዎት ወረቀት ለዚህ ነገር አይከፍልም። በማርችም አይከፍልም፣ በሚቀጥለው ማርችም አይከፍልም። የመንግሥቱ አልጋ ይሰጥዎታል፤ ቀዶ ጥገናውን እኔ ብችል እከፍል ነበር፣ ብቻዬን አልችልም። መሬት መሸጥና በድምፅ ማጉያ መነበብ አልፈልግም ብለዋል። የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው። ኩባንያው አይጠይቅዎትም፤ ፎርሙ ላይ የሚሞላው ስምና የመታወቂያ ቁጥር ነው። የሚጠይቁዎት ሴቶቹ ናቸው።

እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሰው ማስማማት ከባድ ነው ብዬ ጻፍኩልዎ፣ እርስዎም ያንን ይዘው ሸሹ። ከባድ ነው። ግን ማኅበሩ ሃያ ስድስት አባል አለው። የሁሉንም ስም በእጅዎ የጻፉት እርስዎ ነዎት።

ደህና ነኝ ብለው አይጻፉልኝ።

ምዋሳሩ


ታይታ ተራራ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 2004

ለምዋሳሩ፤

ሰላም። ንያምቡ ጨዋ ልጅ ነው፤ ካሳቫና ባቄላ ቀቅዬ ኪማንጋ ሠርቼለት ሙሉውን ሳህን በላ። ደብዳቤህን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ተናድጄብህ ነበር። ከዚያ ስብሰባ ጠራሁ።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍልህ። ባለፈው ረቡዕ የንጉሬን እናት ማሳ ቆፍረን ስንጨርስ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

"ሳልታመም ዓመቱ ቢያልቅ ገንዘቤን ይመልሱልኛል?" አለች የንጉሬ እናት።

"አይመልሱም።"

"እንግዲያው መታመም አለብኝ ማለት ነው።"

"እግዜር ይጠብቅሽ።"

"እሱ ከጠበቀኝ ታዲያ ለምን እከፍላለሁ?"

ሳቁ። አሮጊቷ የሪጋ ሚስት ደግሞ ሳይታመሙ ለሆስፒታል መክፈል የሬሳ ሣጥን ገዝቶ አልጋ ሥር እንደማስቀመጥ ነው አለች። ይሄ ብዙዎቹን አስፈራቸው። አንዷ ለባሏ ሳትነግር አትፈርምም፤ አንዷ ባሏ እንዳይሰማባት ስትል አትፈርምም። ሦስት ሰዓት ተከራከርን። ቆጠርኩ፤ ከኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ። ፎርሙ ሃያ ነው የሚለው።

"በቃ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን" አለችና የንጉሬ እናት መቆፈሪያዋን አነሳች።

ያኔ ወይዘሮ ምሻይ ከኋላ ሆና "ምካዋሲ፣ ጎረቤትሽስ? እሷ አትገባም?" አለች።

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ስለ የትኛዋ ጎረቤት ነው የሚወራው ብለው ነው። እኔ ደግሞ የሷን ፊት አየሁ። እያሾፈች መስሎኝ ነበር፤ አይደለም።

"ቤቴን ታውቁታላችሁ። ጎረቤት የለኝም" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለወንድ ልጅ አልጽፍም። የሪጋ ሚስት በእጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

የንጉሬ እናት ግን ጮኸችብኝ። "ታዲያ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪንም? ስለ አራተኛ ገጽ፣ ስለ ስድስተኛ ገጽ ሦስት ሰዓት ስታደርቂን! ማሳው ይጠብቅ ነበር!" መቆፈሪያውን ወርውራ ፈረመች። ቀድማም ፈርማ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ፈረመች። አንዱን ሰረዝኩት።

ሃያኛዋ ወይዘሮ ምሻይ ናት። በባሏ በኩል የመምህራን ካርድ አላት፤ ይህ ለሷ ምንም አይጨምርላትም። "ከኤፕሪል ጀምሮ እስክትናገሪ እየጠበቅሁሽ ነው፤ ስሜን አስተካክለሽ ጻፊ" አለችኝ። ያን ሁሉ ወር ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ እንኳ። ያቺ ሴት አፏን መዝጋት እንደምትችል ከሃምሳ ዓመት በኋላ አወቅሁ።

ከሷ በኋላ አራት ጨመሩ። ሃያ አራት ሆነናል። ካሪሳ ነገ ፎርሙን ይወስዳል፤ ሲሰማ ደስ አላለውም።

አክስትህ ምካዋሲ


ዶሃ
ሴፕቴምበር 26 ቀን 2004

ለአክስቴ፤

ሰላምና ብርታት ይስጥዎ። እናቶቹን በሙሉ ስም እየጠሩ ሰላም ይበሉልኝ፤ የሪጋን ሚስት እጅ ይሳሙልኝ።

ስድሳው ቀን ኖቬምበር 5 ይሞላል። ሐኪም ለማየት ግን እሱን አይጠብቁ። በዚህኛው ወረቀት በሽታው ቀድሞ ቢታወቅም ምንም አያጎድልብዎትም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ነገ ይሂዱና በመርፌ ናሙና ይውሰዱልዎት። የላክሁት ገንዘብ ለዚህ ነው፣ አሁን ይንኩት። ኖቬምበር ሲደርስ ውጤቱ በእጅዎ ይሁን።

ለካሪሳ መጀመሪያ የከፈሉት ቀርቷል። አይከራከሩት።

ምዋሳሩ


ሞምባሳ
ኖቬምበር 28 ቀን 2004

ለወንድሜ ልጅ ለምዋሳሩ፤

ሰላም ላንተ፣ ላሳደረህም ቤት። ደህና ነኝ አልልህም፤ አለሁ። የምጽፍልህ ከሆስፒታል አልጋ ነው። ቀኝ እጄን ከፍ ማድረግ ስለማልችል ወረቀቱን ሆዴ ላይ አድርጌ ነው፤ ጽሑፌ ቢያስቸግርህ ታገስ።

የመጣሁት በ15 ነው። የንጉሬ እናት አብራኝ መጥታ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ስትዘፍን ነው የመጣችው። አንተ የምትቀመጥበት ዓይነት መስኮት አለ፤ አንዲት ልጅ ተቀምጣበታለች። ጥፍሯን ተቀብታለች። ካርዴን ተቀበለችኝ።

"ከዚህ በፊት የነበረ ሕመም አለ?" አለችኝ።

ከማርች ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀሁበት መልስ ሌላ ነበር።

"አለ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ" አልኳት።

ጻፈችው። ቀና ብላም አላየችኝ። "በማኅበር ነው የገቡት፣ ችግር የለም። ሦስተኛ ፎቅ" አለችኝ። በቃ፣ አለቀ። ለዚህች ለአንዲት ቃል ነው ያን ሁሉ ወር የቆጠርኩት።

ቀኙን ሙሉ በሙሉ አውጥተውታል፤ ከብብቴም ወስደዋል። ከብብቴ ያወጡትን መርምረው ውጤቱን በሦስት ሳምንት ይነግሩኛል። ከዚያ በኋላ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ስድስት ጊዜ ነው አሉ። መድኑ አራቱን ይከፍላል፤ ስድስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፣ ሳልፈርም አንብቤዋለሁ። ለሁለቱ እናስብበታለን። መሬቱን አትንካ።

ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ካንተ አይበልጥም። ፋሻውን ሲቀይርልኝ ፋይሉን አየና "እናቴ፣ በፌብሩዋሪ ቢመጡ ኖሮ ትንሽ ቀዳዳ ነበር የሚበቃው። የት ነበሩ?" አለኝ።

"ወረቀት ሳወዳድር ነበር" አልኩት።

የቀለድኩ መሰለውና ሳቀ።

ለገና ቤት እሆናለሁ ብለውኛል። መልስህን በትምህርት ቤቱ ሣጥን ላክ፣ ሰው አታስቸግር። የምታስበውን ሁሉ ጻፍ። ከላይ ግን፣ ከኔ ስም በፊት፣ ወይዘሮ ምሻይን ሰላም በላት። ገንፎዋን ከምታባክን ፖስታውን ሳታጣብቅ ላከው።

አክስትህ ምካዋሲ